ፍም የሌለው ምድጃ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ከዛሬ ጀምሮ በቤቴ ጭስ የሚባል ነገር በይፋ መሻሩን አስታውቃለሁ። ከጣሊያን ሱቅ በአንድ ቅል ማር የለወጥሁት የጋዝ ምድጃ ሥራውን ጀመረ። እንጨት አይፈለጥለት፣ እፍ አይባልለት! ሚስቴም ዓይኗን ስታሽ አልዋለችም። የጋዙ ሽታ ወጡ ውስጥ ገባ እንጂ፣ ከጭስ በቀር ከቤቴ ያስወጣው ነገር የለም።

ጎረቤቴ እማማ ብርቄ እንደ ልማዳቸው ገል ይዘው ፍም ሊጭሩ መጡ። ልጃቸው ከአርበኞች ጋር ጫካ ነው። ጠዋት ጠዋት ፍሙን ሲጭሩ፣ ከገበያ የለቀምሁትን የጫካ ወሬ ሹክ እላቸው ነበር።

«እማማ፣ ፍም ተሽሯል! ክብሪት ልስጥዎት?» አልሁ፣ እንደ አዋጅ ነጋሪ ደረቴን ነፍቼ።

ደጃፉ ላይ ቆመው አሸተቱ። «ይህ የጣሊያን ሰፈር ሽታ ነው፣ ልጄ።»

«ሽታው ነው እንጂ እኔማ ያው ነኝ!»

«ይሁና። እሳት ከማዶ ቤት አላጣም።»

ስለ ልጃቸው ሳይጠይቁኝ ሄዱ። በዲማ በኩል በደህና ታየ የሚል ወሬ ይዤላቸው ነበር። ተከትዬ ልንገራቸው ብል፣ አሁን ከእኔ አፍ የወጣውን ያምኑታል? ምነው ያን ክብሪት ባልጠራሁት።

ማረሚያ፦ ጋዙ ከጭስ በቀር ከቤቴ ያስወጣው ነገር የለም ተብሎ ከላይ የተጻፈው ስሕተት ሆኖ ስለተገኘ ተሰርዟል።