ሙሉነሽን ማሳቅ ክልክል ነው

መስከረም 22

ለመላው የሆሳዕና ሕዝብ የወጣ መግለጫ፦ የጎረቤታችን የናስረዲን አውራ ዶሮ ዛሬ ማለዳ የአጥራችንን ድንበር ጥሶ ገብቷል። በጎመናችን ላይ ጉዳት አድርሷል። ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ውሏል።

መግለጫውን መጀመሪያ ለባለቤቴ ለሙሉነሽ ነው ያሰማሁት። ጓሮ ቆጮ የምታብላላበትን ጉድጓድ ከፍታ የኮባ ቅጠሉን እየገለጠች ነበር። "አንተ ሰውዬ፣ አርጅተህም አታርፍም?" ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነ። አፏን በነጠላዋ ያዘች... ደም።

"ድዴ ነው" አለች።

ድድ በሳል ይደማል?

መስከረም 27

ድሮ ይዟት የነበረው ቲቢ ተመልሶ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። አክታዋ ተመረመረ። ቲቢ የለም።

ታዲያ ደሙ ከየት ነው?

ጥቅምት 3

ሆስፒታል። ራጅ፣ ከዚያ ሲቲ ስካን። የልጅ ልጃችን ቤቴል ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት አስፈቅዳ አብራን መጣች። ዶክተር ሚክያስ ስዕሉን አሳየን። የድሮው ቲቢ ቀኝ ሳንባዋ ላይ ክፍት ጉድጓድ ትቶ ሄዷል። እዚያ ውስጥ ፈንገስ በቅሎ እንደ ኳስ ተጠቅልሏል። በጀርባዋ ስትተኛ ወዲህ ይንከባለላል፣ በሆዷ ስትተኛ ወዲያ።

"ፈንገስ ምንድን ነው?" አለች።

"እንደ ሻጋታ ያለ ነገር ነው፣ እማማ።"

ቲቢ ሲባል ያልደነገጠች ሴት ፊቷ ጠቆረ። "በእኔ ጉድጓድ ሻጋታ ታይቶ አያውቅም!"

ዶክተሩ ግራ ገባው። ቤቴል አስረዳችው፦ የአያቴ ቆጮ አየር ሳይገባው በኮባ ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ተጭኖት ነው የሚቀመጠው፤ የሰፈሩ ሴቶች ከእሷ ነው የሚማሩት...

"የእርስዎ ጥፋት አይደለም" አላት። "አየር ላይ ያለ ነገር ነው፤ ሁላችንም እንተነፍሰዋለን። ክፍት ቦታ ሲያገኝ ይበቅላል።"

አላመነችውም። ለወራት የሚዋጥ ኪኒን ታዘዘላት። ደሙ ከበዛ ቶሎ ኑ ተባልን።

ጥቅምት 11

ምን ነክቶኝ ነው?

እራት ላይ ቆጮው ቀረበ። አነሳሁት፣ አሸተትኩት፣ አገላበጥኩት። "ይሄ ከየትኛው ጉድጓድ የወጣ ነው? ከጓሮው ነው ከደረትሽ?" አልኳት።

መጀመሪያ ተቆጣች። ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳል። ከዚያ ደም... ኩባያው ሞላ፣ ሁለተኛው ተያዘ። እጄ ላይ ሞቀኝ። ናስረዲን መኪናውን አስነስቶ ባይደርስልን ኖሮ...

አልጨርሰውም።

ጥቅምት 12

ደሙን በመድኃኒት አቆሙት። ዶክተር ሚክያስ ወደ ውጭ ጠራኝ።

"ኪኒኑን ብቻ ይዘን መጠበቅ አንችልም። አዲስ አበባ ሄዳ ኦፕራሲዮን መሆን አለባት። ጉድጓዱን ከነፈንገሱ ቆርጠው ያወጡታል።"

"በዚህ ዕድሜዋ ትችለዋለች?"

"ትንፋሿ ጥሩ ነው። አደጋ የለውም ግን አልልዎትም። እስከዚያ ብዙ ማሳል የለባትም። እባክዎ አባቴ... አያስቋት።"

መግለጫ፦ ሙሉነሽን ማሳቅ ክልክል ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ሥራ አላውቅም።

ጥቅምት 16

ዝም።

ጥቅምት 20

"ምን ሆነሃል?"

"ምንም።"

"ቀብረኸኝ ተመለስክ እንዴ?"

ምላሴ ላይ መልስ መጥቶ ነበር፣ ጥሩ መልስ። ዋጥኩት።

"አንድ ብቻ በል። አልስቅም።"

አላልኩም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ተቀይማኛለች። ትቀየመኝ እንጂ ትኑር።

ኅዳር 2

አዲስ አበባ ገባን። ወራቤ ላይ አንዴ አሳላት፤ ሾፌሩ እንኳ ሬዲዮኑን ዘጋ። ነጠላዋን ገልጣ አየች። ምንም። እኔን ግን አላየችኝም።

ኅዳር 4

ዛሬ አስገቧት። አልጋው ሲገፋ እጄን ያዘች። "ካልወጣሁ፣ ኮባው እንዴት እንደሚደረብ ለቤቴል ንገራት። አንተ እንኳ አታውቀውም።"

ቀልድ ነበር? መሳቅ ፈራሁ።

ቀዶ ሐኪሙ ሊገባ ሲል ቆም አለ። ትከሻዬን ይዞ፣ "አይዞዎት አባቴ፣ በገዛ እግሯ ሆሳዕና ትገባለች" አለኝ።

በሩ ተዘጋ። ይህን ስጽፍ እስካሁን አልተከፈተም...

ኅዳር 5

ነቅታለች! ጎኗ ላይ ቱቦ አለ። ዓይኗ ይከተለኛል፣ የሆነ ነገር እንድላት ትጠብቃለች። አልልም። ስፌቱ ይፈታብኛል።

ታኅሣሥ 10

ቤታችን። ከባጃጁ ወርዳ፣ የማንንም ክንድ ሳትይዝ፣ በቀጥታ ወደ ጓሮ። እሷ በሌለችበት ቤቴል የከደነችውን ጉድጓድ ገለጠችው። ጥግ ላይ ነጭ ሻጋታ!

ቤቴል አቀረቀረች። ሙሉነሽ ሻጋታውን አየች፣ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ ሰውዬ፣ ሐኪሞቹ ከእኔ ያወጡትን ይዘህ መጥተህ እዚህ ደበቅኸው?"

ሳቀች። ጎኗን በእጇ ደግፋ ሳቀች። አሳላትም፣ አንዴ። ነጠላዋን ነጥቄ አየሁ። ነጭ ነው። ገልብጬ አየሁ። ነጭ ነው።

"ተናገር እንጂ! ምላስህንም ቆረጡት?"

ተናገርኩ። ስንት ቀን የዋጥኩትን ሁሉ። ናስረዲን ከነዶሮው አጥር ላይ ቆሞ ሰማ።

አሁን አንድ ነገር ላርም። ኅዳር 4 ላይ ቀዶ ሐኪሙ ትከሻዬን ይዞ እንዲህ አለኝ ብያለሁ። አላለኝም። በአጠገቤ አለፈ፣ ያየኝም አይመስለኝም። አንድ ሰው እንዲህ እንዲለኝ ፈልጌ፣ የሚለኝ ሲጠፋ ራሴው ጻፍኩት።

በገዛ እግሯ መግባቷን ግን እኔ አልፈጠርኩትም።