ቅቤ ተቀብተን በረዶ ላይ ወጣን

አባዬ፣ አሰላሙ አለይኩም።

ከሄድክ ሁለተኛው ዊንተር ገባ። ሶ፣ መጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርህ፤ ያንን የኮሎራዶ ተራራህን ወጣነው! እማዬም ወጥታለች። አዎ፣ ያቺው ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ያለውን የአፓርታማችንን ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ቆማ "ያ አላህ" የምትለው ሚስትህ።

ቤት ብዙ አልተለወጠም። መኪናህን አሁን እኔ ነኝ የምነዳው። ፓርክ ሳደርግ ታላቅ ወንድምህ፣ አጎቴ ሰይድ፣ አሁንም ውጭ ቆመው እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። እማዬ ግን ከሥራ በቀር የትም መሄድ ትታ ነበር። ሰርግ ስትጠራ "አሞኛል"፤ ኢድ ሲመጣ "ደክሞኛል"።

ትራክ ስትነዳ በዚያ ተራራ ሥር ባለፍክ ቁጥር ኮል አድርገህ "አንድ ቀን ጫፉ ላይ አወጣሻለሁ" ትላት ነበር። እሷም "በረዶ ፍሪጅ ውስጥም አለ" ትልህ ነበር። ቃልህን ልፈጽምልህ ብዬ ስለምናት ከረምኩ። እሺ ያለችው አጎቴ አብረውን ከሄዱ ብቻ ነው።

አጎቴ መንገዱን ሙሉ "እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ ተራራ ለእኔ ሳሎን ነው" ሲሉ ነበር። ጠዋት ሞቴል ውስጥ እማዬ፣ አንተ ለረጅም መንገድ ስትነሳ ታደርግልህ እንደነበረው፣ ብርድ እንዳይመታን ብላ አናታችንን ቅቤ ቀባችን። እኔ በጣቷ ጫፍ ብቻ እንድታስነካኝ ለመንኳት። አጎቴ ግን "ጨምሪ፣ ጨምሪ" እያሉ እንደ ጨጨብሳ በቅቤ ራሱ።

ከዚያ ሰፋፊ የበረዶ ጫማ እግራችን ላይ አስረን የቀጠርናትን አስጎብኚ ተከተልን። በጥዱ መሀል የሚሰማው እርምጃችን ብቻ ነው። ማለቴ፣ እርምጃችንና የአጎቴ ትንፋሽ። የሳሎኑ ባለቤት በየጥዱ ሥር "ቪው ልይ" እያሉ ቆሙ። ጥዱ ሲያልቅ ነፋሱ መጣ፤ ያንተን ጃኬት የለበሰችው እማዬም ቆመች። "እንመለስ" ልትል ነው ብዬ ፈራሁ። ቁልቁል አየች። አንተ ትመላለስበት የነበረው ሀይዌይ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። ትክ ብላ አየችውና፣ አስጎብኚዋን አልፋ ወደ ላይ ሄደች።

ጫፉ ላይ ድምፅ የሚባል የለም፣ አባዬ። ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ነጭ ብቻ። አጎቴ እንደምንም ደርሰው፣ ለፎቶ ኮፍያዬን ላውልቅ ቢሉ እምቢ አላቸው። ቅቤው ረግቶ ከፀጉራቸው ጋር አጣብቆታል! እኔና አስጎብኚዋ ስንጎትት "አናቴን! ኧረ አናቴን!" ሲሉ እማዬ ሳቀች። በረዶው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከሄድክ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ዱዓ ማድረግ የአጎቴ ድርሻ ነበር፤ ትንፋሽ ከየት ይምጣ? እማዬ እጇን ዘርግታ "አላህ ይማረው" ብላ ዱዓ አደረገችልህ። እኛ "አሚን" አልን። አስጎብኚዋም ምን እንደሆነ ሳይገባት ከሁላችን በላይ ጮክ ብላ "አሚን" አለች።

አንረሳህም፣ አባዬ። በዱዓ ብቻ አይደለም፤ አጎቴ ኮፍያ ባደረጉ ቁጥር ስንስቅም አንተን ነው የምናስታውሰው። ስንመለስ በዚያ ሀይዌይ አለፍን። እማዬ በመስኮቱ ቀና ብላ ተራራውን አየችና "ወጣሁት" አለች።

ላንተ ነው የነገረችው። እኔ መልእክት አድራሽ ነኝ።

ልጅህ፣ ሐያት