ወረፋ የያዘችው እብጠቴ

ልጄ፣ ሆዴ፣ ያለሽበት ሁሉ ሰላም ይሁንልሽ።

ይሄን የጻፍኩት ራሴ ነኝ! በማታ ትምህርቱ አንደኛ ወጥቼ፣ ደብዳቤዬን ትጽፍልኝ የነበረችውን ጎረቤታችንን ከጸሐፊነት አባረርኳት። በእሷ እጅ የማይጻፍ ነገር ነበረኛ።

ጡቴ ላይ እብጠት ወጥታ ናሙና ወስደዋል። ካንሰር ትሁን አትሁን የሚለየው ላቦራቶሪ ግን ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ በእሱ ምርመራ ተጠምዷል፤ የእኔዋ ወረፋ ይዛ ተቀምጣለች።

«እማማ፣ ገና ነው» ይለኛል ባለሙያው በመስኮት።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ቆጥሬ ስጨርስ እናንተን አንዲት እብጠት አቃተቻችሁ?» ብዬ አሳቅኩት።

ቤት ስገባ ግን ሳቁ አብሮኝ አይገባም። ከሄድሽ ወዲህ ማንም ያልተኛበትን አልጋሽን አነጥፋለሁ።

አንቺም ጡትሽን ተመርመሪ፣ እሺ? ውጤቴ ሲመጣ ማንም አያነብልኝም፣ ራሴ ነኝ የማነበው። ያን ቀን ብቻ ስልኩን አንሺልኝ፤ ድምፅሽን እየሰማሁ ላንብበው።

በር ከፍቼ የማስገባሽን ቀን ያቅርብልኝ።

እናትሽ