የግራው ኩሽኔታ

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ከእጥበት በፊት 50። ከእጥበት በኋላ 48።

ነርሷ ጻፍ ያለችኝ ይህንኑ ብቻ ነው። "አባባ፣ በየጠዋቱ ልጅዎን ሚዛን ላይ ያውጧትና ኪሎዋን ይጻፉ። ከ51 ካለፈ ሰውነቷ ውኃ ይዟል ማለት ነው።" እሺ ብዬ ደብተር ገዛሁ። ግን ይህ ሁሉ ባዶ መስመር ሲያየኝ ዝም ማለት አቃተኝ። ቁጥር ድሮም አያቅተኝም። ፊደል ያስቆጠረችኝ ሟቿ ባለቤቴ ናት፣ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ። "ከእንግዲህ አውራ ጣትህን ቀለም አትነክርም" ብላ። አሁን ብሳሳት ማን ያርመኛል...

ልጄን ሰኞና ሐሙስ ሆስፒታል አደርሳታለሁ። ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ማሽኑ አራት ሰዓት ሙሉ ደሟን ያጥብላታል፣ እኔ ውጭ አግዳሚ ላይ እጠብቃለሁ። ከቤታችን አውቶቡሱ የሚቆምበት ድረስ በእግር አንድ ሰዓት ነው፣ ያውም ዳገት። እና መኪናዬ ከቆመ ልጄም ቆመች ማለት ነው።

ስንመለስ መኪናው ማጉረምረም ጀመረ። ከፊት፣ በግራ። ፍጥነት ስጨምር ይብስበታል። መኪናዬን ለማዳመጥ ሁልጊዜ መስኮቴን ከፍቼ ነው የምነዳው፣ በደንብ ሰማሁት። የግራው የፊት ጎማ ኩሽኔታ ነው። ጎማውን ያለ ሐሳብ እንዲሽከረከር የሚያደርገው የብረት ኳሶች ቀለበት... አልቋል። እራሴ እቀይረዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የድንጋይ መፍጫ ማሽን ላይ ቆሜአለሁ፣ ኩሽኔታ ብርቄ አይደለም።

ድልድዩ ጋ ልጄ የሆነ ነገር አለችኝ። እሺ አልኳት። ምን እንዳለች እንጃ። እናቷ ስትሆን ጉልበቴን ቸብ ሳታደርግ ወሬ አትጀምርም ነበር። እየነዳሁ አትንኪኝ ብዬ ስንቴ ተቆጥቻታለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

49።

ከተማ ወርጄ ኩሽኔታ ገዛሁ። ሻጩ መጠየቅ ይወዳል። "የትኛው ጎማ ነው?" የግራው። "ማን አየው?" እኔ። "ሁለቱንም ቢቀይሩ አይሻልም?" ጤነኛው ምን በወጣው? አልኩት። አንዱን ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ልጄ ደግሞ በሷ በኩል ጀመረች። "አባዬ፣ ለቀጮ ስጠው። ጋራዡ እዚሁ ነው፣ ሁለት ቤት አልፎ።"

ቀጮ። ከተዘጋጋን ሦስት ዓመት ሆነን። የእናቷ ቀብር ዕለት አጠገቤ ቆሞ አንድ የማጽናኛ ቃል አልወጣውም። ሃያ ዓመት ጎረቤት ሆነን፣ አንድ ቃል። ከዚያ ወዲህ እኔም አላየሁት፣ እሱም አላየኝ።

"እሱ በር ላይ ከምቆም መኪናውን በጀርባዬ ብሸከመው ይቀለኛል" አልኳት።

"እሱን ሳይሆን እኔን ነው የምትሸከመው" አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

49 ከግማሽ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀመርኩ። ከኋላ ጎማዎች ሥር ድንጋይ አደረግሁ። በክሪክ አነሣሁት። ጎማው ወለቀ። መሃሉ ላይ ያለው ትልቁ ዳዶ ግን ወይ ፍንክች አለ። ቁልፉ ላይ የውኃ ቧንቧ ሰክቼ ከነክብደቴ ቆምኩበት። ቧንቧው ጎበጠ። እኔም ጎበጥኩ። ቀትር ላይ ተሸነፈ።

ቱቦው እንዳይበጠስ ፍሬኑን በሽቦ አንጠለጠልኩት። አሁን ኩሽኔታውን... ከገባበት ብረት ጋር አንድ አካል ሆኗል። መታሁት። ዘይት አጠጣሁት። ደግሞ መታሁት። ክንዴ ዛለ። ጀንበር ስትጠልቅ እዚያው ነበር።

ልጄ በረንዳው ላይ ሆና "ነገ ሐሙስ ነው" አለች።

አውቃለሁ። ያላወቅሁ መሰላት?

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

50 ከሩብ።

ቀረች።

ሊነጋጋ ሲል ተነሥተን ወደ አውቶቡሱ በእግር ጀመርነው። ክንዷን ይዤአለሁ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "አባዬ፣ ትንሽ ቆይ።" ቆየሁ። "ትንሽ ደግሞ።" አውቶቡሱ ከላያችን ሲያልፍ ቁጭ ብለን አየነው። ተመለስን።

የቀጮ ፒክአፕ በሩ ላይ ቆሟል። ልጄ አየችው። እኔም አየሁት። ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። እኔ መሬት መሬት እያየሁ አለፍኩ።

ነርሷ ደወለች። ልጄ ስልኩን ሰጠችኝ። "አባባ፣ ዛሬ ቀርታለች። ሰኞ ከደገማችሁ ልቧ አይችለውም። ከዚያ በፊት ትንፋሽ ካጠራት ሰኞን አትጠብቁ፣ ይዘዋት ይምጡ።" በምን ይዤ? አልኩ በሆዴ። አፌ ግን "ነገ መኪናው ያልቃል" አለ።

ከቀትር በኋላ ኩሽኔታው ወጣ። ሳላየው ጥግ ላይ ወረወርኩት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

51።

አዲሱን በሞርሳ ቀስ እያልኩ፣ እየጨመቅሁ አስገባሁት። ዳዶው ጠበቀ፣ ፍሬኑ ቦታው ገባ፣ ጎማው ታሰረ። ልጄ እጄን ዘይት በዘይት አይታ "ጨረስክ?" አለች። ጨረስኩ አልኳት። እንዴት ደስ ብሎኝ...

እስከ መንገዱ መጨረሻ ነዳሁት።

ያጉረመርማል። ልክ እንደ ሰኞው። እንዲያውም ብሶበታል። መንገዱ ዳር አቁሜ ግንባሬን መሪው ላይ ደፋሁ። ሻጩን ረገምኩት። የማይረባ ዕቃ ነው የሰጠኝ፣ ሽማግሌ ነው ብሎ ንቆኝ። እንዲህ ሆኖ ልንዳው? ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ቢይዝብኝስ? ልጄን ይዤ?

ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። በጣቷ ስትጫነው ጉድጓዱ እዚያው ይቀራል። ጫማዋ አልገባ አላት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

52።

መተኛት አልቻለችም። ትራስ ደራርባ ተቀምጣ አደረች። በረንዳው ድረስ ለመውጣት ሦስቴ ዐረፈች።

ግራውን እንደገና ልፈታው ክሪኩን ሳስገባ በርጩማዋን ይዛ መጣች። በግራዬ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ቀኝ ነው።"

"ምኑ?"

"የሚጮኸው። ከእኔ እግር ሥር ነው የሚመጣው። ሰኞ ድልድዩ ጋ ነግሬሃለሁ እኮ። እሺ አልከኝ።"

"ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንሽው?"

ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣችም። ትንፋሿን ሰብስባ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። "ቀኝ ጆሮህ አይሰማም፣ አባዬ። ለአንተ ሁሉም ነገር ከግራ ነው የሚመጣው።"

"ማን ነው እንዲህ ያለሽ?"

"እማዬ ናታ። ለዚህ አይደል ጉልበትህን ነክታ የምታወራህ?"

ተነሥቼ ክሪኩን ወደ ቀኝ አዞርኩት። ቀኙን ጎማ አነሣሁ። አንድ እጄን ከጎማው በላይ ባለው ሞላ ላይ አሳርፌ በሌላው አሽከረከርኩት። ሞላው መዳፌ ሥር አሸዋ እንደሚያኝክ ጥርስ ተንኮሻኮሸ። ግራውን ሞከርኩ... ጸጥ።

የመፍጫውን ሕመም እኮ በመዳፌ ነበር የማውቀው። እዚያ ጫጫታ ውስጥ ማን በጆሮው ያምናል? ማሽኑ በቀኜ ነበር፣ ሃያ ስድስት ዓመት። ጆሮዬን የት እንደጣልኩት አውቃለሁ። ለሰው አልናገርም እንጂ። ሰኞ ዕለት እጄን አንዴ ብልክ ኖሮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ጥግ ላይ የወረወርኩትን አሮጌ ኩሽኔታ አነሣሁት። ዘይቱን ጠርጌ በጣቴ አዞርኩት። እንደ ቅቤ ይዞራል። ምንም አልሆነም ነበር። ጤነኛውን ነው ሁለት ቀን በመዶሻ የቀጠቀጥኩት። የልጄን ሐሙስ የበላሁት በጤነኛ ኩሽኔታ ነው።

ሱቁ እስከ ሰኞ ዝግ ነው።

ሟቿ ታውቅ ነበር... አንድ ቀን እንኳ ደንቆሮ ብላኝ አታውቅም። እኔ ደግሞ አትንኪኝ እላታለሁ። ከተቆጣኋት በኋላ ሳትነካኝ ያወራችው ስንቱ ይሆን? እዚያ በቀኜ ተቀምጣ። እኔ እሺ፣ እሺ እያልኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 8

53።

ጠዋት ከንፈሯ ጠቁሮ አገኘኋት። ማውራት ስላቃታት በእጇ ውኃ አለችኝ። ነርሷ ከልክላለች። ጣቴን አርሼ ከንፈሯን ነካሁላት።

ቀጮ በር ላይ ቆምኩ። አንኳኳሁ።

"ጋሼ?" አለ። ዓይኑን አላመነም።

"ኩሽኔታ ፈልጌ ነበር። የቀኝ የፊት።" ልጄ ልታመልጠኝ ነው ማለት ሲገባኝ ኩሽኔታ አልኩት። እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ።

ዞር ብሎ ወደ ጋራዡ እየሄደ የሆነ ነገር ተናገረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ አየሁ። እሺ ልል አፌን ከፈትኩ... እሺ ብዬ ስንቱን ነገር ገደልኩ?

"ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም" አልኩት። "በዚህ በኩል ዙርና ንገረኝ።"

ባለበት ቆመ። ከዚያ ዞሮ በግራዬ መጣ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመፍጫው ጀምሮ።"

"የቀብሩ ዕለትም?"

"የቀብሩ ዕለት ምን?"

"በቀኝዎ ቆሜ ሁለቴ አናገርኩዎት፣ ጋሼ። ሁለቴ። ፊትዎን እንኳ አላዞሩልኝም። እኔ ደግሞ ኩራት ነው ብዬ።"

"ኩራትም አለበት" አልኩት።

ሊስቅ ነበር። ፊቴን ሲያይ ተወው። "ልጅቷ እንዴት ናት?"

ያን ጊዜ ነው የፈሰስኩት። ሐሙስ መቅረቷን፣ ዳገቱን፣ ከንፈሯን... ሳልጨርስ ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አንሥቶ ወጣ። "ኩሽኔታውን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ ሰው እንጫን።"

በመካከላችን አስቀመጥናት። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። መንገዱን ሙሉ ትንፋሿን በግራ ጆሮዬ ቆጠርኩ። አንዴ የቆመ መስሎኝ ነበር።

ድንገተኛ ክፍል ሴት ዶክተር ተቀበለችን። "ምነው እስካሁን?" አለች። አንገቴን ደፋሁ። ቀጮ ሊመልስልኝ ሲል ክንዱን ያዝኩት። "በእኔ ነው" አልኳት። "መኪና ነበረ። ሰው ነበረ። እኔ ነኝ ያልጠየቅሁት።"

ማሽኑን አዘጋጅተው አስገቧት። በሩ ተዘጋ። ዛሬ አግዳሚው ላይ ሁለት ሆነን ተቀመጥን። ቀጮ በግራዬ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ከእጥበት በፊት 50 ከግማሽ። ከእጥበት በኋላ 48 ከግማሽ።

እዚያው አደረች። ዛሬም ደግመው አጠቧት። ከንፈሯ መልኩን አግኝቷል። የልቧ ነገር ገና ይታያል ብለዋል። ምን እንደጎዳሁባት የሚታወቀው ቆይቶ ነው።

ነርሷ ደብተሩን ገለጥ አድርጋ "ኪሎ ብቻ ነበር እኮ ያልኩዎት" አለች። ተቀብዬ ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

49። ትናንት ከሆስፒታል ወጣች።

ቀኙን ከቀጮ ጋር ቀየርነው። ሁለት ሰዓት አልፈጀም። አሮጌው ሲወጣ ኳሶቹ ተቦዳድሰው፣ ግራሶው ተቃጥሎ ጥቁር ሆኗል። ቀጮ በየመሃሉ ዙሪያዬን ይዞራል። በቀኜ ሲቆም እራሱን ይገሥጻል። "ምን ልሁን፣ ጨረቃ አደረጉኝ እኮ ጋሼ" አለ። ልጄ በረንዳው ላይ ሆና ሳቀች። ሳል አቋረጣት እንጂ ትቀጥል ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ከእጥበት በፊት 49 ከግማሽ። ከእጥበት በኋላ 48።

ዶክተሯ ልቧ ትንሽ ሰፍቷል አለች። መድኃኒት ተጨመረላት። ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው? ብዬ ጠየቅኋት። ያልሰማሁትን ደግሜ ጠየቅሁ። አስደገምኳት፣ ሦስቴ። አላፈርኩም ብል ውሸት ነው።

ስንመለስ መኪናው ጸጥ ብሏል። መዳፌም መሪው ላይ ምንም አልተሰማውም። እኔ ግን ልማድ ነውና መስኮቴን ከፍቼ ማዳመጤን አልተውኩም።

ድልድዩ ጋ ልጄ ጉልበቴን ነካች። እጇ ቀላል ነው፣ ልክ እንደ እናቷ። ዳር ይዤ አቆምኩና ሙሉ በሙሉ ዞርኩላት።

"ምነው? አመመሽ?"

"አይ። መስኮትህን ዝጋው፣ በረደኝ።"

ዘጋሁት።