ሳይዘለል የተጻፈ፦ የተዋናይት ድራሆሚራ ኮዝሊኮቫ የሕይወት ታሪክ

ተዋናይት ወይዘሮ ድራሆሚራ ኮዝሊኮቫ ከአባታቸው ከአቶ ፍራንቲሼክ ኔድባል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልዝቢዬታ ኔድባሎቫ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1931 በሞራቪያ፣ በትርዤቢች ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በጫማ ፋብሪካ ቆዳ ቆራጭ፣ እናታቸው የሆቴል አንሶላ በካውያ ተኳሽ ነበሩ። ወይዘሮ ድራሆሚራ ከአምስት ልጆች አራተኛ ሲሆኑ በቤተሰቡ ዘንድ የሚጠሩት ድራሁሽካ በሚል የቁልምጫ ስም ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸው ተከታትለዋል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ በትምህርት ቤቱ ቲያትር የንጉሡ ልጅ ለመሆን ቢመኙም የተሰጣቸው የአሮጊት ዝይ ጠባቂ ቦታ ነበር። አላለቀሱም። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ዳሌያቸውን ከሚያማቸው ጎረቤታቸው ከወይዘሮ ቶማንኮቫ ኋላ ኋላ እየሄዱ አረማመዳቸውን አጠኑ። በትርኢቱ ዕለት ወይዘሮ ቶማንኮቫ ከፊት ወንበር ብድግ ብለው፣ «ኧረ ጉድ! ይቺ ልጅ ዳሌዬን ሰረቀችኝ!» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናታቸው መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። በማግስቱ ግን ጎረቤቲቱ በፕሪም የተሞላ ጣፋጭ ዳቦ በሰሃን ይዘው መጡና፣ «ልጅቷን እንዳትመቷት። እንዴት እንደምሄድ አይቼ አላውቅም ነበር፤ እሷ አሳየችኝ» አሉ።

በ1950 ከብርኖ የተዋንያን ትምህርት ቤት ተመርቀው በዚያው ከተማ በአንድ ቲያትር ቤት ተቀጠሩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው መጀመሪያ የተጫወቱት የስልሳ ዓመት መበለት ሆነው ነው። በ1954 ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም ሲታዩ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ የተሰጣቸውም አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ትኬት ይዘዋል ወይስ ጸሎት ብቻ?» ፊልሙን ያየ ሰው ታሪኩን ቢረሳ እንኳ ይህችን አልረሳም።

በዚያ ፊልም ላይ ድምፅ የሚቀርጹት አቶ ቦሁሚል ኮዝሊክ ቀረጻውን አስቁመው፣ «ወይዘሪት፣ ጫማዎ ከእርስዎ በላይ ይጮኻል» አሏቸው። እሳቸውም ጫማቸውን አውልቀው ለአቶ ቦሁሚል አስታቀፏቸውና በካልሲ ሠሩ። በ1955 ተጋቡ፤ በ1957 አንድ ልጃቸውን ራዲምን ወለዱ።

ወይዘሮ ድራሆሚራ ከዘጠና በላይ በሆኑ ፊልሞችና በብዙ የቴሌቪዥን ድራማዎች ሠርተዋል። አከራይ፣ ነርስ፣ ሥጋ ሻጭ፣ የሙሽራ አክስት ሆነዋል፤ ሙሽራ ግን አንድም ቀን አልሆኑም። ይህ ያሳዝናቸው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ «ቆንጆዋ ስታለቅስ መሐረብ የሚያቀብላት ሰው ያስፈልጋል። እኔ መሐረብ አቀባይ ነኝ» ይሉ ነበር።

ቀጥሎ ያለውን የጻፍነው በራሳቸው ትእዛዝ ነው። የእህታቸው ልጅ ዳግማር የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ባለፈው ክረምት ስታነብላቸው ከ1971 ወደ 1973 ዘለለች። «ቆይ፣ ቆይ፤ አንድ ዓመት የት ጣልሽ?» አሏት። «አክስቴ፣ ለቀብር ቀን የሚሆን ነገር አይደለም» ብትላቸው፣ «ታዲያ ለሰርጌ ቀን ልታነቢው ነው? ጻፊው!» አሉ።

ስለዚህ እንጽፋለን። በቲያትር ቤቱ የልብ ጓደኛቸው ተዋናይት ያርሚላ ኽሉፓቾቫ ነበሩ። ወይዘሮ ያርሚላ በ1968 የሶቪየት ታንኮች አገሪቱ በገቡ ጊዜ በሠራተኛው ስብሰባ ላይ ወረራውን ተቃውመው የተናገሩትን እንዲያጥፉ ቢጠየቁ እምቢ አሉ። በ1972 የዚያን ጊዜው ኃላፊ ሠራተኛውን አንድ በአንድ እየጠራ እሳቸውን የሚያወግዝ ወረቀት ያስፈርም ጀመር። የወይዘሮ ድራሆሚራ ተራ ሲደርስ ስለ ወረቀቱ ምንም አላለም። «ልጅዎ ጎበዝ ነው አሉ። ሐኪም መሆን ይፈልጋል አይደል?» ብቻ አላቸው። ራዲም ያን ዓመት ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚያልፍበት ነበር። ፈረሙ።

ወይዘሮ ያርሚላ ከሥራ ተባረው አሥራ ሰባት ዓመት በልብስ ማጠቢያ ቤት ሠሩ። ወይዘሮ ድራሆሚራ ደግሞ በ1973 በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ የሕንፃ ጠባቂዋን ወይዘሮ ኩቼሮቫን ሆነው አገር ያወቃቸው ሆኑ። ሥጋ ቤት ሰልፍ ላይ እንኳ፣ «እትዬ ኩቼሮቫ፣ ኧረ ሊፍቱን አሠሪልን!» የሚላቸው አይጠፋም ነበር። እየሳቁ ይመልሳሉ። ወይዘሮ ያርሚላን በሩቅ ሲያዩ ግን መንገድ ይሻገሩ ነበር።

በ1990 የጸደይ ወራት፣ የኮሚኒስቱ መንግሥት ወድቆ ዘመኑ ከተለወጠ በኋላ፣ የጓደኛቸውን ቤት አንኳኩ።

«ድራሁሽካ፣» አሉ ወይዘሮ ያርሚላ በሩን ይዘው፣ «ሦስተኛ ፎቅ ለመውጣት አሥራ ስምንት ዓመት ፈጀብሽ?»

«ያርሚላ፣ ፈርሜብሻለሁ።»

«አውቃለሁ፤ ወረቀቱን አሳይተውኛል። ከሁሉም ያንቺ ጽሕፈት ነው የሚያምረው።»

«ይቅርታ እንድጠይቅሽ ካልፈለግሽ እመለሳለሁ።»

«ጠይቂ። እኔ ግን ይቅር ለማለት ገና አልደረስኩም። ለማንኛውም ግቢ፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ አብረው ምሳ ይበሉ ጀመር። በ1994 የማይነጋገሩ ሁለት እህትማማቾች ሆነው በአንድ የቴሌቪዥን ፊልም ሠሩ። አዘጋጁ ዝምታው እንዳይከብዳቸው ሲሰጋ ወይዘሮ ያርሚላ፣ «አይዞህ ልጄ፣ ይሄንንስ ብዙ ዓመት ተለማምደነዋል» አሉት። ወይዘሮ ድራሆሚራ በዚህ ሥራ ሲሸለሙ፣ መድረክ ላይ ቆመው በ1972 ያደረጉትን ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። ከፊሉ አጨበጨበ፤ ከፊሉ አንገቱን ደፋ።

ራዲም በዚያን ጊዜ በኦሎሞውትስ ሐኪም ነበር፤ ነገሩን እንደማንኛውም ሰው ከቴሌቪዥን ሰማ። በማግስቱ በባቡር መጣ። «እማዬ፣ በእኔ ነው እንዴ ያሳበብሽው? እኔን ማን ጠየቀኝ?» አላቸው። «ባንተ እንዳላሳብብ ብዬ ነው ያልነገርኩህ። ብዕሩን የያዘችው የእኔ እጅ ናት» አሉት። ሳይሰናበታቸው ሄደ፤ ዓመት ያህልም አልደወለም። በኋላ ልጁን አኔሽካን ይዞላቸው መጣ። ያ ጉዳይ ሁለተኛ አልተነሣም፤ አያትና የልጅ ልጅ ግን የትምህርት ዕረፍቱን ወራት ሁሉ አብረው ሲዋኙ ከረሙ።

ባለቤታቸው አቶ ቦሁሚል በ2001 አርፈዋል። እሳቸውም በ2009 የኩላሊት ሕመም እስኪያደክማቸው ድረስ መሥራት አላቆሙም። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኖቬምበር 3 ቀን 2011 በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው በብርኖ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። በትርዤቢች ከባለቤታቸው ጎን ያርፋሉ።

ከኋላቸው ልጃቸውን ዶክተር ራዲም ኮዝሊክን፣ የልጅ ልጃቸውን አኔሽካን፣ ታናሽ እህታቸውን ወይዘሮ ኦቲሊዬንና የእህታቸውን ልጅ ዳግማርን ትተዋል። ወይዘሮ ያርሚላ ኽሉፓቾቫን በዚህ ዝርዝር ውስጥ እንዴት እንደምናስገባቸው ስለ ጨነቀን ዳግማር ራሳቸውን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም፣ «ጓደኛ ብለሽ ጻፊ» አሉ። «ይቅር ብለዋቸዋል ብዬ ልጨምር?» ብትላቸው በትራቸውን መሬት መታ መታ አደረጉና፣ «እሱን ለእሷ ነግሬያታለሁ። ለእናንተ አልነግርም» አሏት።

እንግዲህ ጓደኛቸው ወይዘሮ ያርሚላ ኽሉፓቾቫም ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀምጠዋል።

ያልሸሸጉትን እውነት አምላክ በምሕረቱ ይቀበልላቸው፤ ነፍሳቸውን በብርሃን ስፍራ ያኑርልን።