አያ ይመር እና የጎረቤት አገሮች ዋንጫ

ሰኞ

ወላሂ አልምራቸውም።

አሰልጣኛችን አያ ይመር ስሜን ከቡድኑ አወጡት። እሁድ ደሴ ሄዶ ከሚጫወተው የሐይቅ ከተማ ቡድን! ጥፋቴ መቀለዴ ነው። ከልምምድ በኋላ ውሃ ስንጠጣ ያን የጥንት ወሬያቸውን ጀመሩ፤ ድሮ ከጎረቤት አገሮች ጋር ይደረግ ስለነበረው የቅርጫት ኳስ ውድድር። ጅቡቲ ሄደው፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከመሃል ሜዳ ወርውረው ማግባታቸውን። ባለፈው ሲያወሩት ግን ካርቱም ነበር።

"አያ ይመር፣ ሜዳው በግመል ይጓዛል እንዴ?" አልኩ። ልጆቹ ተንከተከቱ።

"ነጃት፣ አንቺ የምታውቂው ቅርጫት የሽንኩርቱን ነው። ሂጂ እናትሽን አግዢ!" ብለው በሁሉም ፊት አባረሩኝ።

እናቴ ሽንኩርት ትሸጣለች። መባረሩን እረሳው ይሆናል። ይቺን ግን አልረሳም።

ማክሰኞ

የበቀል ሐሳቦች፦

ከዘራቸውን ሐይቁ ውስጥ መወርወር። (ይንሳፈፋል።)

መስጊድ በር ላይ ጫማቸውን መደበቅ። (ሐራም ነው። ደግሞ ያን ጫማ ማን ይነካል?)

ውሸታቸውን ማጋለጥ። ይሄ ነው!

ውጫሌ የሚነግደው አጎቴ ሑሴን ጋ ደወልኩ። እዛ ውድድር ላይ የተጫወተ አንድ ሰው ያውቃል፤ አያ ጌታቸው የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። "ቁመታቸው በበር አያስገባቸውም" አለኝ። ስልካቸውን ሰጠኝ።

ረቡዕ

አያ ጌታቸው ወሬ ይወዳሉ፤ ካርዴን ጨረሱት። ውድድሩን አገሮቹ በየተራ ያዘጋጁት ነበር አሉ። ከዛ አንዱ ጋ ጦርነት ሆነ፣ አንዱ ድንበር ዘጋ፣ "ተራው የናንተ ነው"፣ "አይ የናንተ" ተባባሉ። ማንም አፍርሰነዋል ሳይል ቀረ። ተረኛው እንደጠፋበት የሰፈር ማኅበር።

"አያ ይመርስ ተጫውተዋል?" አልኩ።

"የሐይቁ ይመር? አብረን ነው የሄድነው!"

"ግን ተጫውተዋል?"

"ሄዷል" አሉኝ።

ሄዷል!

"እንግዲያው ቅዳሜ ይምጡ፣ ከድሮ ጓደኛዎ ላገናኝዎ" አልኳቸው። "ምን ያለች ደግ ልጅ ናት!" ብለው መረቁኝ። በቀሌ ተመረቀ።

አርብ

እማ የበቀሌን ነገር ሰማች። የምትደሰት መስሎኝ ነበር።

"ሽንኩርት መሸጤን እኔ ነውር አላልኩት። ያፈርሽው አንቺ ነሽ" አለችኝ።

ምሳ አልበላሁም። ትንሽ ቆይቼ በላሁ።

ቅዳሜ

አያ ጌታቸው ከሚኒባስ ሲወርዱ የታጠፈ መሰላል የሚዘረጋ ነው የሚመስለው። ሜዳው ዳር ከአያ ይመር ጋር እጅ ለእጅ ተሳሳሙ፤ በወሎ ደንብ፣ ማብቂያ የለውም። ከተማው ሁሉ ቆሞ ያያል።

"አያ ጌታቸው፣ ያቺን የጅቡቲ ኳስ ይንገሩን!" አልኩ ጮክ ብዬ።

አያ ጌታቸው ጓደኛቸውን አዩ። እጃቸውን አለቀቁም። "ጥሩ ጊዜ ነበር" አሉ፣ አበቃ! ሽማግሌና ሽማግሌ!

ተቃጠልኩ። "እንግዲያው ሽማግሌ ይቀመጥልኝ!" አልኩ።

ልጅ ሽማግሌ ስታስቀምጥ ማን አይቶ ያውቃል? ግን የተጠየቀ ሽምግልና እምቢ አይባልም፤ ሕጉ የራሳቸው ነው። ሦስት ጺማም አባቶች እያጉረመረሙ ተቀመጡ።

"ክስሽ?"

"እናቴን ሰድበዋል፣ ስሜን አውጥተዋል። ካሳዬ እውነቱን መናገራቸው ነው።"

አያ ይመር ከዘራቸውን አገላበጡ። ሽማግሌ ፊት አይዋሽም።

"አልተጫወትኩም" አሉ። "ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሄድኩ፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተመለስኩ። 'በሚቀጥለው ዙር ትገባለህ' አሉኝ። የሚቀጥለው ዙር አልመጣም።"

የሚስቅ ጠበቅኩ። ማንም አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም፤ አናደደኝ።

ፍርዱ፦ ስሜ ይመለስ። እኔ ጉልበታቸውን ልሳም። (ሳምኩ። እንዳልነክሳቸው ግን ጥርሴን በግድ ነው የያዝኩት።) እሳቸው ገበያ ሄደው እናቴን ይቅርታ ይጠይቁ።

እማ "አውፍ ብያለሁ" አለቻቸው። ከዛ ምን ብትል ጥሩ ነው? "አያ ይመር፣ አሱርን ሰግጄ እስክመለስ ሽንኩርቷን ይጠብቁልኝ።" ሄደች። እንደዛ ረዥም ሶላት ሰግዳ አታውቅም። አንዲት ሴትዮ "ኪሎው ስንት ነው?" አለቻቸው። እንዲህ ያለ በቀል እኔ የትም አላገኘውም።

እሁድ

ተሸነፍን፣ በጥቂት።

አያ ይመር ተጠባባቂ ወንበር ላይ አጣበቁኝ። ሆን ብለው ነው ብዬ ደሜ ፈላ። መጨረሻ አካባቢ "ተነሽ፣ ግቢ" አሉ። የመጀመሪያው ኳሴ ቀለበቱን መትቶ ተመለሰ። "ሽንኩርት!" የሚል ድምፅ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛውም!

ሲያልቅ ለደሴው አሰልጣኝ ምን ሲሉ ብሰማ ጥሩ ነው? "ይቺን ልጅ ጅቡቲ በተጫወትኩበት ስልት ነው ያሳደግኳት።"

ትናንት! ገና ትናንት!

ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ "እውነት ነው?" አለኝ። አያ ይመር መሬት መሬት አዩ። አፌን ከፈትኩ።

"አሰልጣኛችን እሳቸው ናቸው" አልኩ።

ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ወደ ሐይቅ ስንመለስ አያ ይመር በሚኒባሱ የመስኮቱን ወንበር ለቀቁልኝ። ማክሰኞ ልምምድ አለ። ቋሚ ተሰላፊ ካላደረጉኝ፣ አፌ አሁንም የእኔ ነው።