በአንድ ብርጭቆ ሻይ የተረከቡት ቤት

ለተከበሩ አቶ ማድሃቭ ኩልካርኒ
የቤት አበዳሪው ድርጅት ባለሙሉ ሥልጣን ሹም፤ ሶላፑር

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና፣ ይልቁንም የቤትዎን በር ደኅንነት እመኛለሁ። እኔ የሟቹ ሸማኔ የራጉናት ሚስት ሱሺላ ነኝ። ባለቤቴ ቤታችንን አስይዞ፣ ከድርጅትዎ ተበድሮ የሽመና መኪኖች ገዛ፤ ገበያው ሞተ፣ እሱም ተከተለው፣ ዕዳው ለእኔና ለእናቱ፣ ለአማቴ፣ ቀረ። ዕዳ የለብኝም አልልም፤ የጻፍኩልዎ ለማመስገን ነው።

1ኛ/ ሕጉ ተቃውሞ ካለሽ አመልክቺ ስላለኝ አመለከትኩ። ማመልከቻዬን የተቀበሉት እርስዎ፣ የመረመሩት እርስዎ፣ ውድቅ ያደረጉትም እርስዎ ስለሆኑ ከብዙ መንከራተት አድነውኛል። ዳኛ ከፈለግሽ ችሎቱ ያለበት ፑኔ ከተማ ድረስ ሂጂ ተባልኩ፤ ለችሎቱ የሚከፈል ቢኖረኝ ኖሮ ለእርስዎ በከፈልኩ ነበር።

2ኛ/ እኔ ውስጡ ተቀምጬ ሳለሁ ቤቱ በወረቀት የእናንተ መሆኑን በሬ ላይ ለጠፋችሁ፣ በጋዜጣም አወጃችሁ። የባለቤቴ ስም በሕይወቱ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ አያውቅም ነበርና ለዚህ ክብር ስላበቃችሁት አመሰግናለሁ።

3ኛ/ ይህኛው ግን ያንገበግበኛል። ባለፈው ሐሙስ ሰዎችዎ ሲመጡ አማቴ «ልጄ፣ ደጃችን የመጣን ሰው ጉሮሮው ደርቆ ልትሸኚው ነው?» ስላሉኝ ምንጣፍ አንጥፌ ዝንጅብል ያለበት ሻይ አቀረብኩ። አንደኛው ፎቶ አነሳን። ጠጥተው ሲያበቁ ዕቃችሁን አውጡ አሉንና በሩን አሸጉት። ባለቤቱ በፈቃዱ ካላስረከበ የአውራጃው ሹም ትእዛዝ እንደሚያስፈልግ የሰማሁት በኋላ ነው። እናንተ ግን «ነዋሪዎቹ እንግዶቹን በሻይ ተቀብለው ቤቱን በሰላም አስረከቡ» ብላችሁ ጽፋችሁ ፎቶውን አያያዛችሁበት። እግራቸው ላይ ወድቄ ስለምናቸው ፎቶ ያነሳ አልነበረም።

ቤቱን እንደማላገኘው አውቃለሁ። አማቴ በየማለዳው ውሃ እያጠጡ የሚጸልዩባት የቱልሲ ተክል ግን ግቢው ውስጥ ታሽጋ ቀርታለች። በግቢው በር ፍርግርግ እጃቸውን አሾልከው ውሃ ይረጫሉ፤ አይደርስም። ቤቱን ከምትሸጡበት ጨረታ በፊት የምትደርቅ ይመስለኛል።

ለደከሙልን ሁሉ ከጎረቤት በረንዳ ሆኜ እጅ እየነሳሁ፣
በፈቃዷ ያስረከበችው
ሱሺላ ጃክካል

ማስታወሻ፦ ሰዎችዎ የጠጡባቸው ብርጭቆዎች ሳይታጠቡ ውስጥ ስለቀሩ ከቤቱ ጋር ይሽጡልኝ። ትናንት ያስጠጋን ጎረቤት እንግዳ መጣበትና ሻይ ላፈላ ስነሳ አማቴ ቀሚሴን ይዘው «ቆይ ልጄ፣ ሰውየው ፎቶ ያነሳል እንዴ?» አሉኝ።